ከዳሌ ቀዶ ጥገና በፊት የሚሰነቅ ጉልበት

ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ስንቁን የሚያዘጋጀው ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት እንጂ መንገድ ላይ ከደከመ በኋላ አይደለም። ይህ ለማንኛውም መንገደኛ ግልጽ የሆነ እውነት ቀዶ ጥገና ለሚጠብቅ ሕመምተኛ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። እንዲያውም በአብዛኛው የሚነገረው ተቃራኒው ነው።

ለአብነት ያህል፣ የዳሌ መጋጠሚያቸው ተጎድቶ በሰው ሠራሽ መጋጠሚያ እንዲተካ የተወሰነላቸውና ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት በዐይነ ኅሊናችን እንሣል። ሲራመዱ ያማቸዋል፤ ስለዚህ ልጆቻቸው የቤቱን ሥራ ከእጃቸው ይቀበላሉ። ገበያው፣ ወፍጮው፣ ቡናው ሁሉ በሌላ ሰው ይሸፈናል። ሊጠይቃቸው የሚመጣ ጎረቤትም «እማማ፣ ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ ድረስ ይረፉ፤ እግርዎን አያድክሙት» ይላቸዋል። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ወራት አልፈው የቀዶ ጥገናው ዕለት ሲደርስ፣ ወደ ሆስፒታል የሚገቡት እናት ቀድሞ ሐኪም ዘንድ የቀረቡት እናት አይደሉም። ጭናቸው ሰልሏል፤ ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ከወንበር ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጋሉ። ሐኪሙ አዲሱን መጋጠሚያ በሚገባ ቢተክልላቸውም፣ መጋጠሚያውን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ግን የሚተከል ነገር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የዳሌ መጋጠሚያ ቅየራን የሚጠብቅ ሰው የጥበቃ ጊዜውን አካሉን ለማጠናከር ቢጠቀምበት ምን እንደሚያተርፍ፣ ሳይንሱ በዚህ ረገድ ምን እንዳረጋገጠና ምን እንዳላረጋገጠ፣ እንዲሁም ዝግጅቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ለመዳሰስ እንሞክራለን። ባለሙያዎች ይህንን ዝግጅት ከቀዶ ጥገና በኋላ ከሚደረገው የአካል ተሐድሶ ለመለየት «ፕሪሃቢሊቴሽን» ይሉታል፤ እኛም «ቅድመ ተሐድሶ» ብለን እንጠራዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጋጠሚያውና የሚሸከመው ጭነት

የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ የተድበለበለ ሲሆን፣ በዳሌ አጥንት ላይ በሚገኝ ጎድጓዳ ሥፍራ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ሁለቱም ገጾች ልም አጥንት በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን የተለበጡ ናቸው። ይህ ሽፋን በዕድሜ፣ በጉዳት ወይም በበሽታ ምክንያት ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል፤ ሕመሙም ይበረታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለዳሌ ቅየራ ዋነኛው ምክንያት ይኸው የልም አጥንት ማለቅ ነው። በሌሎች ሕመምተኞች ደግሞ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ይቋረጥና አጥንቱ ሞቶ ቅርጹን ያጣል። በ2009 ስለ ማላዊ ብሔራዊ የመጋጠሚያ ቅየራ መዝገብ የወጣ ዘገባ እንዳመለከተው፣ በዚያች አፍሪካዊት አገር ለዳሌ ቅየራ ቀዳሚው ምክንያት ይህ በደም እጦት የሚመጣ የአጥንት ሞት ነበር።

ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ መጋጠሚያው የሚሸከመው ጭነት ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ነው። ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከተው። መራመድ ማለት በየተራ በአንድ እግር መቆም ማለት ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም፣ የቆመበትን እግር ክብደት ስንቀንስ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው የቀረው አካል 50 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። የዚህ ክብደት የስበት ማዕከል ከመጋጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይርቃል። በመሆኑም ዳሌው እግሩ ወደ ተነሣበት ጎን ሊያዘነብል ይቃጣል። እንዳያዘነብል አጥብቆ የሚይዘው በዳሌ ጎን ላይ የሚገኘው መካከለኛው የመቀመጫ ጡንቻ ነው። ነገር ግን ይህ ጡንቻ ከመጋጠሚያው ማዕከል የሚርቀው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሁለቱን እንደ ሚዛን ክንዶች ብናያቸው፣ የክብደቱ ክንድ ከጡንቻው ክንድ በእጥፍ ይረዝማል። ሚዛኑ እንዲጠበቅ ጡንቻው የክብደቱን እጥፍ፣ ማለትም 100 ኪሎ ግራም ያህል መሳብ አለበት። በዚህም መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ድምር ጭነት 150 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የሰውየው ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ጀርመናዊው የአጥንት ሐኪም ፍሪድሪክ ፓውልስ በ1930ዎቹ ይህን የመሰለውን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርቶት ነበር። ከረጅም ጊዜ በኋላ የበርሊን ተመራማሪዎች በሰው ሠራሽ መጋጠሚያዎች ውስጥ የኃይል መለኪያ አስገብተው በሕመምተኞች አካል ውስጥ የሚደርሰውን ጭነት ለኩ። በ2001 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ሲራመዱ መጋጠሚያው በአማካይ የሰውነት ክብደትን 2.4 እጥፍ ያህል ይሸከማል። የወረቀቱ ስሌትና የአካሉ ልኬት ተቀራራቢ መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ትምህርቶችን እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ መራመድን የሚቻል የሚያደርገው መጋጠሚያው ብቻ ሳይሆን በጎኑ ያለው ጡንቻ ጭምር መሆኑ ነው። ይህ ጡንቻ ሲደክም ዳሌው በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ሌላው ጎን ይወርዳል፤ ሰውየውም ያነክሳል። ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ ይህንን ምልክት በ1895 ስለገለጸው እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል። አዲስ መጋጠሚያ የተተከለለት ሰው ጡንቻው ደካማ ከሆነ ሕመሙ ለቆት እንኳን ማንከሱን ሊቀጥል ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ምርኩዝ ነው። ብዙ ሰው ምርኩዙን የሚይዘው ሕመሙ ባለበት ጎን ነው። ይህ ስሕተት ነው። ምርኩዙ በጤናማው ጎን እጅ ሲያዝ ከታመመው መጋጠሚያ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ መሬት ይነካል እንበል። በእጃችን የ8 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ብቻ ብናሳርፍበት፣ ክንዱ ረጅም ስለሆነ ከጡንቻው ሥራ ከግማሽ በላይ ያግዛል። ከላይ በሠራነው ስሌት 150 ኪሎ ግራም የነበረው የመጋጠሚያው ጭነት ወደ 80 ኪሎ ግራም ገደማ ይወርዳል። ተራ የሚጠብቅ ሕመምተኛ በዚህ ዘዴ ሕመሙን ቀንሶ መራመዱን ሊቀጥል ይችላል። ለዝግጅቱም ትልቁ ቁም ነገር መራመድን አለማቆም ነው።

ከዝሆን ጥርስ እስከ ፕላስቲክ

የተጎዳን የዳሌ መጋጠሚያ በሌላ ነገር የመተካት ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በ1891 በጀርመን አገር ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለ ሐኪም ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የጭን አጥንት ራስ ለመትከል ሞክሯል። በ1938 ደግሞ እንግሊዛዊው ፊሊፕ ዋይልስ ኳሱንም ጎድጓዳውንም ከማይዝግ ብረት ሠርቶ ተክሏል።

ዛሬ ለምናውቀው ቀዶ ጥገና መሠረት የጣለው ግን በእንግሊዝ አገር በራይቲንግተን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ጆን ቻርንሊ ነው። ቻርንሊ ትንሽ የብረት ኳስ አንሸራታች በሆነ ፕላስቲክ ውስጥ እንድትሽከረከር አደረገ። በመጀመሪያ የመረጠው ፕላስቲክ ቴፍሎን ነበር፤ ሆኖም ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፍቆ አለቀ፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን አካል ጎዳ። በኅዳር 1962 ቻርንሊ ቴፍሎኑን በፖሊኢቲሊን ተክቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ይህም የተሳካ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ውጤት እጅግ አመርቂ ስለነበር፣ በ2007 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ የዳሌ ቅየራን «የክፍለ ዘመኑ ቀዶ ጥገና» ሲል ሰይሞታል።

በቻርንሊ ዘመን ሕመምተኛው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለረጅም ቀናት አልጋ ላይ ይቆይ ነበር። በ1990ዎቹ ዴንማርካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሄንሪክ ከለት ይህን ልማድ የሚፈትን ጥያቄ አነሣ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ቀዶ ጥገናው ከተሳካ ሕመምተኛው ለምን ገና አልጋ ላይ ነው? ከለት ሕመምን በተለያዩ መድኃኒቶች በማስታገሥ፣ ምግብን ቶሎ በማስጀመርና ሕመምተኛውን ቶሎ በማስነሣት ማገገምን ማፋጠን እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ብዙ ሆስፒታሎች የዳሌ ቅየራ የተደረገለትን ሰው በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ያቆሙታል።

ይህ ለውጥ ከሕመምተኛው የሚፈለገውን ነገር ቀይሮታል። ቀድሞ ለማገገም የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነበር። ዛሬ ግን በመጀመሪያው ቀን በራሱ እግር መቆም፣ በራሱ ክንድ ክራንች ላይ መደገፍና በራሱ ትንፋሽ መራመድ ይጠበቅበታል። ይህ ጉልበት በአንድ ሌሊት አይገኝም።

አልጋ የሚያስከፍለው ዋጋ

መተኛት ጉልበትን ይቆጥባል የሚል እምነት በስፋት ይገኛል። ነገር ግን ጡንቻ እንደ ጎተራ እህል አይደለም፤ ካልተጠቀሙበት ይጎድላል እንጂ አይጠራቀምም።

በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ዕድሜያቸው 20 ዓመት የሆነ አምስት ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ አምስት ሰዎች እንደገና ለኳቸው። 30 የዕድሜ ዓመታት የቀነሱባቸው አቅም ሦስቱ የአልጋ ሳምንታት ከቀነሱባቸው ያነሰ ነበር።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። በ2007 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት በወጣ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 ዓመት የሆነ ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ ሲቆዩ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ሕመም አልነበረባቸውም፤ ቁስልም አልነበራቸውም።

የዳሌ ሕመምተኛ ከዚህ በላይ የሚያሳጡት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የታመመ መጋጠሚያ ወደ ነርቭ ሥርዓት የሚልከው ምልክት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች በሙሉ ኃይላቸው እንዳይኮማተሩ ያግዳቸዋል። ሕመምተኛው ቢፈልግ እንኳን ጡንቻው በሚገባ አይታዘዘውም፤ ያልታዘዘ ጡንቻም ይሰልላል። ሁለተኛ፣ ቀዶ ጥገናው ራሱ ለሰውነት ጉዳት ነው። ሰውነት ቁስሉን ለመጠገንና ለጉዳቱ ምላሽ ለመስጠት ሲል የጡንቻን ፕሮቲን ያፈርሳል።

ለማስረዳት ያህል ጉልበትን በቁጥር እንግለጸው። ሁለት ሰዎች አሉ እንበል፤ አንዱ 100፣ ሌላው 65 የጉልበት መጠን ይዘው ወደ ቀዶ ጥገና ይገባሉ። ቀዶ ጥገናው ከሁለቱም 30 ይወስዳል። ያለ ሰው ርዳታ ከአልጋ ለመነሣት ደግሞ 50 ያስፈልጋል። የመጀመሪያው 70 ስለሚቀረው ይነሣል፤ የሁለተኛው ግን 35 ስለሆነ አይነሣም። ባለመነሣቱም ከ35ቱ ላይ በየቀኑ ይቀነስበታል። የቅድመ ተሐድሶ ዓላማ ቀዶ ጥገናው የሚወስደውን ማስቀረት ሳይሆን፣ ከተወሰደው በኋላ የሚተርፈው በቂ እንዲሆን ማድረግ ነው።

«በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ምን ያህል ጡንቻ ሊገነባ ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጡንቻ በውፍረቱ ለማደግ ጊዜ ይፈልጋል። ሆኖም ልምምድ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ጉልበት የሚጨምረው በአብዛኛው ነርቮች ያለውን ጡንቻ በተሻለ መንገድ ማዘዝ ስለሚማሩ ነው። በሕመም ምክንያት ጡንቻው በከፊል ለታገደበት ሰው ይህ ትምህርት ብቻውን ትልቅ ጥቅም አለው።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

በአውስትራሊያ በ2003 በታተመ ጥናት፣ ዳሌያቸው ከመቀየሩ በፊት ለስምንት ሳምንታት የተለማመዱና ከዚያም በኋላ የቀጠሉ ሕመምተኞች በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተለማመዱት የተሻለ የመንቀሳቀስ ችሎታ አሳይተዋል። በአሜሪካ በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የዳሌና የጉልበት ቅየራ የሚጠብቁ ሰዎችን ለስድስት ሳምንታት በውኃ ውስጥና በየብስ አለማምዷል። የተለማመዱት ሰዎች ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ማገገሚያ ተቋም የመላካቸው ዕድል በጉልህ ቀንሷል፤ ማለትም ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ለመሄድ በቅተዋል።

ይሁን እንጂ የሳይንስ ሐቀኝነት ሌላውንም ገጽ እንድናሳይ ያስገድደናል። በ2016 ቢኤምጄ ኦፕን በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ግምገማ፣ ቅድመ ተሐድሶ ከመጋጠሚያ ቅየራ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ሕመምንና እንቅስቃሴን በጥቂቱ እንደሚያሻሽል፣ ነገር ግን ይህ ጥቅም አነስተኛና አጭር ዕድሜ ያለው መሆኑን ደምድሟል። የሆስፒታል ቆይታ ሲያጥርም አላገኘም።

ይህ ማለት ዝግጅቱ ከንቱ ነው ማለት ነውን? እኛ እንዲህ ብለን አንደመድምም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ልዩነቱ ከወራት በኋላ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ቀዶ ጥገናው ራሱ እጅግ ውጤታማ ስለሆነ ነው። ሕመሙ ሲለቃቸው ያልተለማመዱትም መራመድ ይጀምራሉ፤ በጊዜ ሂደትም ቀድመዋቸው በነበሩት ላይ ይደርሳሉ። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀላሉ የሚታዩ አይደሉም። የመውደቅ፣ የደም መርጋትና የአዲሱ መጋጠሚያ መውለቅ ሥጋት ከፍ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች አነስተኛ ቁጥር ያላቸውን ሕመምተኞች የያዙ ናቸው፤ በፈቃዳቸው ለልምምድ የሚመዘገቡትም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የበረቱት ናቸው። ዝግጅት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ግን ለደከመው ሰው ነው።

ስለዚህ ቅድመ ተሐድሶን እንደ ተአምር ሳይሆን እንደ ስንቅ መመልከቱ ይበጃል። ስንቅ መንገዱን አያሳጥርም፤ መንገደኛው ግን በመጀመሪያው ዳገት ላይ እንዳይቀር ያደርገዋል።

ከልምምድም በላይ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘለት የዝግጅት ክፍል ደግሞ አለ፤ እርሱም ማጨስን ማቆም ነው። በ2002 በላንሴት የወጣ የኮፐንሃገን ጥናት፣ የዳሌ ወይም የጉልበት ቅየራ የሚጠብቁ 120 አጫሾችን በሁለት ከፍሎ አንደኛውን ቡድን ከቀዶ ጥገናው ከ6 እስከ 8 ሳምንታት አስቀድሞ ማጨስ እንዲያቆም ወይም እንዲቀንስ ረዳ። ርዳታውን ካላገኙት መካከል 52 በመቶ የሚሆኑት ከቀዶ ጥገናው በኋላ የጤና እክል ሲገጥማቸው፣ ርዳታውን ካገኙት ግን የገጠማቸው 18 በመቶ ብቻ ናቸው። ለዚህ ውጤት አዲስ መድኃኒትም ሆነ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ ጊዜን በአግባቡ መጠቀም ብቻ በቂ ነበር።

ዝግጅቱ በተግባር

የልምምዱ ዓይነትና መጠን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በሐኪምና በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊወሰን ይገባል። በተለይ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር መጀመር የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱ ከ4 እስከ 8 ሳምንታት ይወስዳል። በውስጡም የሚከተሉት ይገኛሉ።

አንደኛው የዳሌ ጎን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ሕመምተኛው ግድግዳ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ወገቡን ሳያጣምም የታመመውን እግር ወደ ጎን በዝግታ ያነሣል፤ በዝግታም ይመልሳል። ሁለተኛው ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ከፍ ካለ ወንበር ላይ በተቻለ መጠን እጅን ሳይጠቀሙ መነሣት የጭንንና የመቀመጫን ጡንቻዎች በአንድነት ያሠራል። ሦስተኛው የክንድ ልምምድ ነው። የወንበሩን መደገፊያዎች ይዞ ሰውነትን ወደ ላይ መግፋት፣ በኋላ በክራንች ለመሄድ የሚያስፈልገውን ጉልበት ያዘጋጃል። አራተኛው የትንፋሽ ልምምድ ሲሆን፣ እንደ አቅም በምርኩዝ መራመድ ወይም የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መንዳት ይህን ያሟላል። ለእያንዳንዱ የጡንቻ ልምምድ በአንድ ጊዜ 10 ያህል ድግግሞሽ፣ ከዚያም ዕረፍት፣ ከዚያም እንደገና ማድረግ የተለመደ አጀማመር ነው።

ሕመምን በተመለከተ የሚሠራበት መመሪያ ቀላል ነው። በልምምድ ጊዜ ሕመሙ መጠነኛ ጭማሪ ቢያሳይና እስከ ማግሥቱ ድረስ ወደ ነበረበት ቢመለስ የሚያሰጋ አይደለም። ሳይመለስ ከቀረ መጠኑ በዝቷል ማለት ስለሆነ መቀነስ ይገባል። ሕመም በተሰማ ቁጥር ፈጽሞ ማቆም ግን ወደ አልጋው ይመልሳል።

በክራንች መሄድንም አስቀድሞ መለማመድ ብልኅነት ነው። ከቀዶ ጥገናው ማግሥት፣ በሕመምና በመድኃኒት ድካም ውስጥ ሆኖ አዲስ ነገር መማር ይከብዳል። የደረጃን ሕግ ደግሞ ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል፦ ሲወጡ ጤናማው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ግን ክራንቹና የታመመው እግር ይቀድማሉ።

ምግብም የዝግጅቱ አካል ነው። ልምምድ ጡንቻን የሚገነባው ፕሮቲን ሲያገኝ ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ይህን ያሟላሉ፤ በጾም ወራት ደግሞ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ዋነኛ ምንጮች ናቸው። በዕድሜ የገፉና የምግብ ፍላጎታቸው የቀነሰ ሕመምተኞች ስለ ጾማቸው ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት መምህራቸው ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው። የደም ማነስ ካለ አስቀድሞ ይታከም፤ ብረት ነክ መድኃኒት ደምን ለመተካት ሳምንታት ይፈልጋልና። ያልተስተካከለ የስኳር ሕመምና የተበላሸ ጥርስ ለቁስል መመርቀዝ በር ስለሚከፍቱ እነርሱም በወቅቱ ይታዩ። የሚወሰድ መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳይደበቅ ለሐኪም ይነገር።

ቤትን ማዘጋጀት

በብዙ የቀዶ ጥገና ዓይነቶች ሕመምተኛው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍና እግሮቹን እንዳያጣምር ይመከራል። ክልከላው እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ስለሚለያይ ሐኪምን መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኛ አገር የቤት አኗኗር ግን በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት መጸዳጃ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ እንዲሁም በግንባር ተደፍቶ መስገድ ሁሉም ዳሌን ከተፈቀደው በላይ ያጥፋሉ።

ስለሆነም ከቀዶ ጥገናው በፊት መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይዘጋጅ። የመጸዳጃ ቤቱ የሚቀመጡበት ካልሆነ፣ መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር አናጺ በቀላሉ ሊሠራ ይችላል። አልጋው ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍ ይደረግ። የሚያንሸራትት ምንጣፍና እግር የሚጠልፍ ገመድ ይነሣ። የዘወትር ዕቃዎች ሳይጎነበሱ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጡ። ለሶላትም ሆነ ለጸሎት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደረግበትን መንገድ አስቀድሞ መጠየቅ ኋላ ከመጨነቅ ያድናል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ማከል ግድ ይላል። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በቀጠሮ ለሚደረግ የዳሌ ቅየራ ነው። ወድቆ የጭን አጥንቱ አንገት የተሰበረ ሰው ጉዳይ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ለጡንቻ ዝግጅት ተብሎ የሚባክን ቀን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

መደምደሚያ

ጽሑፋችንን በጀመርንባቸው እናት እንቋጨው። ልጆቻቸው የሰጧቸው ዕረፍት ከፍቅር የመነጨ ነበር፤ ዋጋውን ግን የከፈሉት እርሳቸው ናቸው። ያው ፍቅር በሌላ መልክ ሊገለጽ ይችል ነበር። ልጃቸው ገበያውን ከሚሄድላቸው ይልቅ ምርኩዛቸውን በጤናማው ጎን አስይዞ እስከ ደጃፉ ደርሰው እንዲመለሱ አብሯቸው ቢሄድ፤ ጎረቤታቸው «ይተኙ» ከሚላቸው ይልቅ «ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሥተው ተቀመጡ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፤ ቡናውን የምታፈላ ልጃቸው ከበርጩማው ይልቅ ከፍ ያለውን ወንበር ብታቀርብላቸው።

ብረቱንና ፕላስቲኩን የሚያዘጋጀው ፋብሪካ ነው፤ የሚተክለውም ሐኪም ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሕመምተኛው ቁጥጥር ውጪ ናቸው። ሦስተኛው፣ ማለትም አዲሱን መጋጠሚያ ይዞ የሚራመደው አካል ግን በራሱ በሕመምተኛውና በቤተሰቡ እጅ ነው። ተራ የሚጠበቅባቸው ወራት ረጅም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባዶ እንዳይሆኑ ማድረግ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቻላል።